ብረት የሚያጠጣው ወንድሜ

የመጨረሻው ደህና ቀን ሰኞ ነበር። ደህና መሆኑን ያወቅሁት ግን ማክሰኞ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወንድሜ ይበልጣል እንደ ወትሮው ቢጫውን ጀሪካን ይዞ ከጓሮ መጣና ሱቁ በር ላይ ያለውን ብረት አጠጣ። ብረቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ዘንግ ነው። ከመሬት በታች ከአባታችን አሮጌ ማረሻ ጋር ተበይዷል። ማረሻውን የቀበረው ወንድሜ ነው፣ ሱቁን የከፈተ ሰሞን። እናታችን ያን ጊዜ «የሟች አባትህን ማረሻ ቀበርኸው?» ብላ አልቅሳ ነበር። «አልቀበርሁትም፣ ሥራ ሰጠሁት» አላት።

በበጋ የፎገራ ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ያን ጊዜ አፈሩ ከብረቱ ይሸሻል፤ ብረቱ አፈር ካልነካ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ወንድሜ እንዲህ ነበር የሚለው። ስለዚህ ሩዙ ከታጨደ ጀምሮ ዝናብ እስኪጥል ድረስ በየማለዳው ያጠጣዋል። የወረታ ሰው ይህን ለምዶታል። ለምዶታል ማለት መቀለዱን ትቷል ማለት አይደለም።

«ይበልጣል! ዘንድሮስ ያፈራል?» አለው ባጃጁን በበራችን ፊት የሚያቆመው ልጅ።

«አበባ ላይ ነው።»

«እሾህ እጠርበት እንጂ፣ የሰው ከብት ይጨርስብሃል።»

«ያንተን ባጃጅ አስረህ ያዝልኝ፤ ከብቱን እኔ እችለዋለሁ» አለና ሳቀ።

ሲስቅ አይቼዋለሁ። ሳቁን አሁን ደጋግሜ አስበዋለሁ። የታመመ ሰው ሳቅ ነበር? አይመስለኝም። አላውቅም።

ወንድሜ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ይጠግን ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስሁ በኋላ የአባታችንን መሬት ይዤ ሩዝ አርሳለሁ። ስለ እሱ ሥራ የማውቀው ሲናገር የሰማሁትን ብቻ ነው። ከሰማሁትም ግማሹ ተደበላልቆብኛል። ቢሆንም ልጽፈው እሞክራለሁ፤ ስለ እሱ ልጻፍ ካልሁ ይህን መዝለል አልችልም።

ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው አንድ ነገር ነበር። ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣው፣ ብርድ ልብስ ስንገልጥ ብልጭ የሚለው ነገር። ትምህርት ቤት ስታቲክ ብለው አስተምረውናል። እሱ «የሹራብ እሳት» ነው የሚለው። ሰውን ትንሽ ነዝሮ ይተዋል፤ ሬዲዮና ኮምፒውተር ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ዕቃዎች ግን ይገድላቸዋል። ስለዚህ ሥራ ሳይጀምር ከብረቱ የመጣውን ሽቦ እጁ አንጓ ላይ ያስራል። በሽቦው መሃል አንዲት ትንሽ ሬዚስተር አለች፤ ድንገት የመብራት ኃይል ቢነካው እንዳይገድለው ነው ብሎኛል። በሰውነቱ ላይ የተጠራቀመው እሳት በሽቦው፣ በዘንጉ፣ በአባታችን ማረሻ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይወርዳል። እኔ ይህን ሲነግረኝ የምስለው አባታችን ከታች ሆኖ ሲቀበለው ነበር። ለእሱ አልነገርሁትም። ይስቅብኝ ነበር።

ሹራብ አይለብስም። የሱቁ ወለል አፈር ነው፤ እናታችን አምሮበት ይታይ ብላ ላስቲክ ምንጣፍ ብትገዛለት መልሶ ወደ እሷ ቤት ወሰደው። በባዶ እግሩ ነው የሚሠራ። ሰው ሲጨብጥ እንኳ መጀመሪያ ብረቱን ነክቶ ነው። ልጅ ሳለሁ ራሴን ሊዳብሰኝ ሲል እጁ ወደ በሩ ሄዶ ነበር ወደ እኔ የሚመጣው። ሌላ ሰው ቢያይ ያመነታ ይመስለዋል።

ደንበኛም ወደ ሱቁ ሲገባ ብረቱን እንዲነካ ያዛል። «ብረቱን ሰላም በሉልኝ» ይላል። አንድ ጊዜ ከገጠር ለገበያ የመጡ ሴትዮ ጎንበስ ብለው ሳሙት። እዚያ የነበርን ሁሉ ሳቅን። እሱ አልሳቀም። «ደግ አደረጉ፤ በከንፈርም ይሄዳል» አላቸው። ይህን የሰሙ አንድ ቄስ ደግሞ መጥተው «አንተ ልጅ፣ ደብር ተክለሃል አሉ» ብለው ቀለዱበት።

«አባ፣ እኔ የማሳልመው ማረሻ ነው።»

«እሱም እንጀራ ያበላናል» አሉና ብረቱን ነክተው ገቡ።

ሰኞ ዕለት ጠረጴዛው ላይ የነበረው የዲያቆን ሙጨ ኮምፒውተር ነው። የሙጨ እንላለን እንጂ ነገሩ የየኔታ ነው። የኔታ በሜዳው ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ዜማ ያስተምራሉ። አሁን አርጅተው ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ሲያስተምሩ በእጃቸው ምልክት እያሳዩ ነው። ተማሪያቸው ሙጨ ድምፃቸው ሳይዘጋ ክረምት ከበጋ ቀድቷቸው ነበር። ያ ድምፅ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ አልተገለበጠም። ታዲያ ኮምፒውተሩ አንድ ቀን አልነሣም አለ።

ሙጨ ሰኞ ከሰዓት መጣ። ብረቱን ነካ።

«አለ ወይ?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ኮምፒውተሩ ሞቷል። ዲስኩ ግን ያለ ይመስለኛል» አለ ወንድሜ። ዲስኩን ከሳጥኑ አውጥቶ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ አስተኝቶታል፤ አረንጓዴው ሰሌዳ ወደ ላይ ነው።

«ይመስለኛል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስሬ ሳየው ነው የማውቀው። አንተ ይልቅ እውነቱን ንገረኝ፤ የት ነበር ያስቀመጣችሁት?»

«ከትምህርት ክፍሉ። ንጹሕ ነው፤ ምንጣፍ አንጥፈንለታል። ጫማ አውልቀን ነው የምንገባ።»

«ካልሲስ?»

«ካልሲማ እናደርጋለን፣ ይበርዳል እኮ።»

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። «ምንጣፉ ናይለን፣ ካልሲው ናይለን። እግራችሁን እየጎተታችሁ ሄዳችሁ ሄዳችሁ እሱን ትነኩታላችሁ። እናንተው ናችሁ የገደላችሁት።»

«አክብረነው እኮ ነው!»

«አታክብሩታ! ታቦት አይደለም። ምንጣፉን አንሡና ሰሌን አንጥፉ። ካልሲ አውልቁ። በሩ ላይ እንደዚህ ያለ ብረት ቅበሩ።»

«ለየኔታ ምን ብዬ ልንገራቸው? ማረሻ ቀብረን እናጠጣ ልበላቸው?»

«እሳቸው ይገባቸዋል። የማይገባህ አንተ ነህ።»

ሙጨ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ይበልጣል፣ ያ ድምፅ ከጠፋ እኮ የለም። ዛሬውኑ እሰረውና እንየው።»

«ዛሬ አይሆንም። አየሩ ደርቋል። ነገ በጠዋቱ፣ ጤዛው ሳይነሣ።»

ልማዱ ነው። ስስ ዕቃ ከሰዓት በኋላ አይነካም። በማለዳ ብረቱን ያጠጣል፣ ወለሉን ውሃ ይረጫል፣ አየሩ እርጥበት እስኪይዝ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ነው የሚጀምር። ማታ ሲዘጋ ደግሞ ያልተጨረሰ ዕቃ ላይ የእንጨት ሳጥን ይደፋል።

ሰኞ ማታ ሳጥኑን አልደፋም። «ደክሞኛል» አለና ዘግቶ ገባ። እኔ ሙጨ ከሄደ በኋላ ማሳ ደርሼ መጥቼ እግሬን እየታጠብሁ ነበር። ደክሞኛል ሲል ሰማሁት። ሰው ይደክመዋል። እኔም ደክሞኝ ነበር።

ስለ እማማ ዘውዴ ሬዲዮ ሳልናገር ማክሰኞ ላይ ልደርስ አልፈለግሁም።

እማማ ዘውዴ ጎረቤታችን ናቸው። ሬዲዮአቸውን ልጃቸው ከዓረብ አገር በላከችላቸው ቀይ የናይለን ልብስ ያለብሱት ነበር፤ ጫፉ ዳንቴል ያለው። ሬዲዮው እየተበላሸ እየተበላሸ አስቸገራቸውና ይዘውት መጡ።

«ያውልቁለት እማማ» አላቸው ወንድሜ።

«ምኑን?»

«ቀሚሱን። ወንድ ሬዲዮ ቀሚስ አልብሰው አዋረዱት።»

«ወግድ! ከአቧራ ልጠብቀው ብዬ ነው። እንግዳ ሲመጣ ራቁቱን ይየው?»

«ከአቧራስ ይጠብቀዋል። ሊከፍቱት ብለው ቀሚሱን ሲስቡት ግን እሳቱ በአንቴናው ይገባል። ማልበሱ አይደለም ክፉው፣ ማውለቁ ነው።»

ጠገነላቸው። ከአሮጌ ጋቢው ላይ ነጭ የጥጥ ቁራጭ ቀደደና በዚያ ጠቅልሎ ሰጣቸው። እማማ ዘውዴ አገላብጠው አዩት።

«አሁን ይሄ ጥገና ነው? ገንዘህ ነው የመለስህልኝ!»

«ይክፈቱት፤ የተገነዘ ሲዘፍን ይሰማሉ።»

እየሳቁ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው አልተበላሸም። ጥጡን በየጊዜው ያጥቡታል።

ሌላም አንድ ነገር አለ። የማይወጣልኝ እሱ ነው።

አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ተቆጥቶ መጣ። «አልወደቀ፣ አልረጠበ፣ ማንም አልነካው። ትናንት ደህና አመሸ፤ ዛሬ ሞተ። ምክንያቱ ምንድን ነው?» አለ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«የተመታው ዛሬ ላይሆን ይችላል» አለው ወንድሜ። «ምናልባት ከወራት በፊት ነው። የሹራብ እሳት ሁልጊዜ ወዲያው አይገድልም። እኛ የሚሰማን ትልቁ ብቻ ነው፤ ትንሹ ድምፅ የለውም። ዕቃዋ ቆስላ ትሠራለች፣ ትሠራለች፣ አንድ ቀን ትቆማለች።»

«ታዲያ ቆስላ መሆኗ በምን ይታወቃል?»

«አይታወቅም።»

ሰውዬው ተናዶ ሄደ። የመለሰለት አልመሰለውም። እኔም ያን ጊዜ ወንድሜ ከነገሩ ለመሸሽ ያለው ነበር የመሰለኝ።

ማክሰኞ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። ጀሪካን ሲወድቅ ሰማሁ። ስወጣ ከጓሮ ወደ ሱቁ በሚያሳልፈው መንገድ ላይ ወድቋል። ውሃው በጎኑ ፈስሶ ወደ ስንጥቁ እየገባ ነበር። «ጋሼ» አልሁት። ሁልጊዜ እንደምጠራው ነው የጠራሁት፣ ቀስ ብዬ። ለምን እንዳልጮህሁ አላውቅም።

የባጃጁ ልጅ ነው ወደ ሐኪም ቤት ያደረሰን። ስንደርስ አልፏል።

ሐኪሙ ብዙ ጠየቀኝ። በልጅነቱ ጉሮሮውን፣ መገጣጠሚያውን ያመው ነበር ወይ? አዎ፣ ያመው ነበር፤ ግን ማንን አላመመውም? ዳገት ሲወጣ ይደክመው ነበር ወይ? ወረታ ዳገት የለውም አልሁት። መልሴ የሞኝ መልስ እንደሆነ ገባኝ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ልቡ ነው፣ የቆየ ነገር ሳይሆን አይቀርም አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንዲህ ነው ብሎ መናገር አይቻልም።»

ያ የተቆጣው ሰውዬ በዓይኔ መጣ። እኔም እንደ እሱ መቆጣት ፈለግሁ፤ ማንን እንደምቆጣ ግን ጠፋኝ። የጣራ ገዳምን ተራራ በእግሩ ወጥቶ የወረደ ሰው ነው፤ አብረን ነው የሄድን። እኔ እንዲያውም ከኋላ ቀርቼ ነበር። ወይስ የቀረሁት እሱን እየጠበቅሁ ነው? ይህ እንኳ ተቀላቅሎብኛል።

በዚያው ቀን ተቀበረ። ስንመለስ ድንኳኑ ሞልቷል። ከሱቁ በር የሚያልፉ ለቀስተኞች ብረቱን እየነኩ ነው የሚያልፉ። የሚያዛቸው የለም። እጃቸው ለምዶት ነው። ብረቱ ደግሞ ያን ቀን ውሃ አልጠጣም።

ከሐሙሲት የመጡት አክስታችን እትዬ የሽ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወደ ሱቁ ገቡ። ሐዘን ቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተገልጦ አይታይም፤ ይዘጋል፣ ይሸፈናል። እሳቸውም ያንኑ ሊያደርጉ ነው። ገብቼ ሳይ ቴሌቪዥኖቹን በነጠላ ሸፍነዋል። ለጠረጴዛው ነጠላ አልተረፋቸውም። ለእንግዳ ከመጣው ፀጉራም የናይለን ብርድ ልብስ አንዱን ዘርግተው በየኔታ ዲስክ ላይ ጥለውታል። እያለቀሱ ዳር ዳሩን ያስተካክላሉ፤ ልክ ሰው እንደሚያለብሱ።

ልጮህ ብዬ ወደ ጠረጴዛው ተራመድሁ። ወንድሟን የቀበረች እናቴ ባለችበት... ወንድሜን ማለቴ ነው፣ ልጇን። ልጇን የቀበረች እናቴ ከጎን እየተሰማች ስለ ብርድ ልብስ እንዴት ይጮሃል?

«ምነው የኔ ልጅ? አጠፋሁ እንዴ? ላንሣው?» አሉና ጫፉን ያዙ።

«አይ! አያንሡት እትዬ! እንዳይነኩት!»

ደነገጡ። ማውለቁ ነው ክፉው። እንዴት ላስረዳቸው? «ጋሼ አይወድም ነበር» ብቻ አልሁ። ከዚያ የባሰ አለቀሱ።

ወንበር ስቤ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥሁ። አንድ የጎረቤት ልጅ ገባና «ከሩቅ የመጡት ሽማግሌ የሚደርቡት አጡ፣ ይሄን ልውሰደው?» አለ። የራሴን ጋቢ አውልቄ ሰጠሁት። ሙጨም መጣ። ብረቱን ነክቶ ገባ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ ብርድ ልብሱን አየ፤ አየኝ። ወንድሜ ሲነግረው ሰምቷል፤ ገብቶታል። «እግዜር ያጽናህ ደሴ» አለኝ። ስለ የኔታ ድምፅ አልጠየቀም። ዓይኑ ግን ከጠረጴዛው አልተነሣም።

«ጠዋት፣ ጤዛው ሳይነሣ» አልሁት። ለምን እንዳልሁት እንጃ። እኔ ሩዝ አራሽ ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት ጀሪካኑን ከወደቀበት ቦታ አነሣሁት። ሞላሁና ብረቱን አጠጣሁ። ውሃው ወዲያው ጠፋ። አፈሩ ከዘንጉ ጣት ያህል ርቋል። የባጃጁ ልጅ ቆሞ ያየኛል። አልቀለደም። ሄዶ በራሱ ጀሪካን ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ። ሁለተኛውን ሳፈስ አፈሩ ጠቆረና ወደ ብረቱ ተጠጋ።

ሹራቤን ውጭ አወለቅሁ፤ ጫማዬንም። ወለሉን ውሃ ረጨሁ። እሱ ምን ያህል ይቆይ እንደነበር አላስታውስም፤ አየሩ አፍንጫዬ ላይ እርጥብ እስኪሆን ቆየሁ። ሽቦውን እጄ ላይ አሰርሁ። ቋጠሮው በእሱ እጅ ልክ ነበር፤ ሰፋኝ፤ አጠበቅሁት።

እማማ ዘውዴ በዚያው ገቡ፤ ብረቱን ነክተው። እጃቸው ላይ ነጩ የጥጥ ቁራጭ አለ፣ ታጥቦ የታጠፈ።

«የሬዲዮዬ ነው። እሱስ ምን ያደርግለታል፣ ዘግቼዋለሁ» አሉ። «ለዚያ አልብሰው። ገንዘህ መለስህልኝ ብዬ ስቄበት ነበር።» ቁራጩን ጠረጴዛው ዳር አስቀመጡት።

የብርድ ልብሱን ዳር ዳር በረጠበ ጨርቅ አበስሁት። አልሳብሁትም። ከአንድ ጫፍ ጀምሬ ወደ ላይ እያነሣሁ፣ እያጠፍሁ፣ ዲስኩን እንዳይዳብስ አድርጌ አነሣሁት። ምንም አልተንጣጣም። ብልጭታ አላየሁም።

«እሰይ! ምንም አልሰማሁ፣ ደህና ነው» አሉ እማማ ዘውዴ።

እኔም ምንም አልሰማሁም። ግን ድምፅ የለውም ብሎ ነበር።

ጥጡን አለበስነው። የእንጨቱን ሳጥን ደፋሁበት። ቀና ስል ሙጨ በሩ ላይ ቆሟል፤ እጁ ብረቱን እንደያዘ ነው።

«አለ ወይ?» አለ በመጨረሻ።

«አይታወቅም» አልሁት። «ሐዘኑ ይውጣና በጠዋት እናየዋለን።»

አልተቆጣም። ራሱን ነቀነቀና እዚያው ቆመ። ሽቦውን ከእጄ ፈታሁ። ጀሪካኑ ውስጥ ትንሽ ውሃ ቀርቶ ነበር። ወጥቼ ብረቱን ደግሜ አጠጣሁት።